ጎዶሎ ቦይ፣ ሙሉ ቦይ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ እንድታከብሩኝ አይደለም፤ ኋላ ስትስቁብኝ ከልባችሁ እንድትስቁ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ቁጥር ቢሳሳት አያስቅም። የሒሳብ አስተማሪ ከአንድ እስከ አርባ መቁጠር ሲያቅተው ግን፣ እንኳን የሸዋ ሮቢት ሰው፣ መኪናውን አቁሞ ምሳ የሚበላው መንገደኛ ሁሉ የድርሻውን ስቆ ነው የሚሄደው።

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን የማይመክረኝ ሰው አልነበረም። አንዱ ሱቅ ክፈት ይላል፤ አንዱ ባጃጅ ግዛ ይላል። ባለቤቴ አስካለ ደግሞ «ዝም ብለህ ተቀመጥ» አለችኝ። በእኛ ከተማ ሙቀት ዝም ብሎ መቀመጥ ራሱ ሥራ ነው፤ ላብ ያንጠፈጥፋል። እኔ ግን አስካለ ከአባቷ የወረሰቻት፣ ቀወት ውስጥ ያለች አንድ ጥማድ መሬት ትዝ አለችኝ። ዓመት ዓመት ለሌላ ሰው በእኩል እየተሰጠች ማሽላ ስታበቅል የኖረች መሬት ናት። «ራሴ አለማታለሁ፤ በበጋው በመስኖ ስንዴ እዘራባታለሁ» አልኩ። አስካለ ቀና ብላ አየችኝና፣ «አንተ የበረንዳውን አበባ ውሃ ማጠጣት ረስተህ ያደረቅህ ሰው አይደለህም?» አለች። ነኝ። ቢሆንም ሰው በጡረታው ይሻሻላል ብዬ አሰብኩ።

መሬታችን ውሃ የምታገኘው ከአንድ ካናል ነው። ካናሉን የሚያስተዳድሩት ጋሽ ደምሰው ይባላሉ። እንዲህ ያለውን ሰው የውሃ አባት እንለዋለን፤ ተራ የሚሰጥ፣ ተራ የሚነሳ፣ ሰርቆ የከፈተውን የሚቀጣ ዳኛ ነው። ጋሽ ደምሰው ውሃ እንደሚቆጥቡት ሁሉ ቃልም ይቆጥባሉ። ሲስቁ ያየ ሰው የለም፤ አየሁ የሚል ቢኖርም ከአካባቢው የለቀቀ ነው። ለእኔ የሰጡኝ ተራ ወር በገባ በአራትና በአሥራ ዘጠኝ፣ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ደግሞ ገብርኤል ነው፤ የደብራችን ታቦት። በገብርኤል ቀን ዶማ ይዞ የታየን ሰው ቄሱ ቢምሩት እንኳ አስካለ አትምረውም።

ከእኔ ቀጥሎ፣ የካናሉ ጭራ ላይ፣ የእትዬ ዘይነባ ማሳ አለ። እትዬ ዘይነባ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መሬታቸውን ብቻቸውን የሚያለሙ፣ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ የሚበልጡ ሴት ናቸው። ጭራ ላይ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ ድግስ ቤት ጥግ ላይ የተቀመጠውን ሰው አስቡት፤ ወጡ እሱ ጋ ሲደርስ ድስቱ መፋቅ ጀምሯል። የእሳቸውም ተራ ሲደርስ ውሃው ግማሹን መሬት ጠጥቶት፣ ግማሹን «ረስተነው ነው» የሚሉ ሰዎች ከፍተውት፣ እዚያ የሚደርሰው እግር ለመታጠብም አይበቃም። አምና ስንዴያቸው ዘለላ ሳያወጣ ደረቀ። ዘንድሮም ከደረቀ መሬቱን ለእኩል ሰጥተው፣ ሩቅ አገር ያለች ልጃቸው ቤት ሊገቡ ነው። «ልጄ ትወደኛለች፤ ግን በሰው በር ስወጣና ስገባ አስፈቅጄ ልኖር ነው» ብለውኝ ያውቃሉ። ይህን ሲሉ አይስቁም፤ ሌላውን ሁሉ ሲናገሩ ግን ይስቃሉ።

እንግዲህ ወሬው እዚህ ላይ ይጀምራል። ብርቱካን የምትባል የግብርና ባለሙያ እኛን የካናሉን ገበሬዎች ስብሰባ በምንቀመጥበት ሾላ ሥር ሰብስባ አስተማረችን። ብርቱካን ተማሪዬ ነበረች። ጥሩ ተማሪ ነበረች፤ ዛሬ ቆጥሬ ሳየው ከአስተማሪዋ ትሻላለች። «ስንዴ መጠጣት ይወዳል እንጂ መዋኘት አይወድም» አለችን። እኛ ማሳውን ሐይቅ አድርገን፣ እንቁራሪት ሲጮህበት ነበር ጠጣ የምንለው። አሁን ማሳው ላይ ቦይ ይወጣል፤ ስንዴው በቦዮቹ መካከል ባለው መደብ ላይ ይዘራል። መጀመሪያ፣ እስኪበቅልና ሥር እስኪይዝ፣ ቦዮቹ ሁሉ ይጠጣሉ። ከዚያ በኋላ ግን አንዱ ቦይ ይጠጣል፣ ቀጥሎ ያለው ይዘለላል። በሚቀጥለው ተራ የተዘለለው ይጠጣል፣ የጠጣው ያርፋል። መደቡ አንዴ በቀኝ ጎኑ፣ አንዴ በግራ ጎኑ እየረጠበ ይኖራል። ውሃውም ጊዜውም በግማሽ ይቀንሳል።

እኔ ይህን ስሰማ እጄን አወጣሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት እጅ ያስወጣሁ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ሳወጣ ደስ አለኝ። «ይሄ እኮ ቀላል ነው» አልኩ። «ጎዶሎና ሙሉ ነው! በአራት ጎዶሎዎቹን ቦዮች ማጠጣት፤ በአሥራ ዘጠኝ ሙሉዎቹን።» መጽሐፉ ተጋማሽና ኢተጋማሽ ይላቸዋል፤ እኔ ግን ተማሪ በሁለት ቃል ከሚንተባተብ ብዬ ሁልጊዜ ጎዶሎና ሙሉ ነበር የምለው። እንደ መኪና ታርጋ።

እዚያ ላይ ባበቃ ምን ነበረበት? አላበቃሁም። ሕዝብ ሲያዳምጠኝ አመሌ ይነሳል። «ጋሽ ደምሰው» አልኩ፣ «እኔ በዚህ ዘዴ ከስድስት ሰዓት ተራዬ ሦስቱ ይበቃኛል። የተረፈችው ሦስት ሰዓት ለእትዬ ዘይነባ ትሂድ። ስንዴዬ ቢከሳ ቲቸር አትበሉኝ!» የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው።

ከካናሉ ላይኛው በኩል ሰፊ ማሳ ያለው አንድ ሰውዬ ከት ብሎ ሳቀና፣ «ግማሽ ውሃ፣ ግማሽ ስንዴ ነው» አለ። ጋሽ ደምሰው ሁለታችንንም አዩን። «እስከ ጥር መጨረሻ እናያለን» አሉ። «ስንዴው ካማረ ደንብ ይሆናል፤ ሁሉም የተረፈውን ለጭራ ይለቃል። ከከሳ ሁሉም ነገር ወደ ድሮው ይመለሳል።» ለእሳቸው ይህ ረጅም ንግግር ነው። እትዬ ዘይነባ ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

በነጋታው ገበያ ላይ ተገናኘንና ውላችንን ጨረስን። በአራት እኔ ጎዶሎዎቹን አጠጥቼ የተረፈውን ለእሳቸው እለቃለሁ። በአሥራ ዘጠኝ፣ እኔ ገብርኤል ስሳለም፣ እሳቸው የእኔን ሙሉዎቹን ያጠጡና የተረፈውን ወደ ራሳቸው ያዞራሉ። ጎዶሎና ሙሉ ምን እንደሆነ በሽንኩርት አስረዳኋቸው። ጓደኛ ያለው ሙሉ፣ ብቻውን የቀረው ጎዶሎ።

«እንግዲያውስ እኔም ባሌ ከሞተ ወዲህ ጎዶሎ ነኛ» አሉና ሳቁ።

«ቦዮቹ አርባ ናቸው» አልኩ። «ከላይ ጀምረው ይቁጠሩ።»

«ከላይ፤ እሺ» አሉ።

ይህችን «ከላይ» የምትል ቃል እባካችሁ ያዙልኝ። እኔ ሳልይዛት ነው ጉድ የሆንኩት።

ከዚያ በኋላ ገበሬ ሆንኩ። ያውም አስቸጋሪ ገበሬ። ብርቱካን አፈሩን ጨብጣችሁ እዩ፤ ድቡልቡል ሆኖ ከጸና ገና እርጥበት አለው፣ ከፈረሰ ተጠምቷል ብላ ነበር። እኔ በሄድኩበት ሁሉ አፈር የምጨብጥ ሰው ሆንኩ። ኮት ኪሴ ውስጥ ሁለት ሦስት ድቡልቡል አይጠፋም። አስካለ ኮቱን ልታጥብ ብላ ኪሱን ስትገለብጥ፣ «እንዲያው መሬቷን በኪስህ ተሸክመህ ወደ ቤት ልታመጣት ነው እንዴ?» ትለኛለች። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት መሐረብ ላወጣ ስል አፈሩ ተዘርግፎ ጋቢዬ ላይ ፈሰሰ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የየትኛው ገዳም እምነት ነው? ራሴን እያመመኝ ነው፤ ትንሽ ይስጡኝ» አሉ። የማሳዬ ነው ለማለት ለቅሶ ቤቱ አልመቸኝም። ቆንጠር አድርጌ ሰጠኋቸው። በሳምንቱ መንገድ ላይ አግኝተውኝ ተሽሎኛል ብለው መርቀውኛል፤ እኔ በዚህ ላይ አስተያየት የለኝም።

ታኅሣሥ አራት ማለዳ የመጀመሪያውን የጎዶሎ ተራ አደረስኩ። ደብተር ይዤ፣ ሃያውን ቦይ በየተራ እየከፈትኩና እየዘጋሁ፣ ለእያንዳንዱ ምልክት እያደረግሁ። ሦስት ሰዓት ሲል ጨርሼ ውሃውን ወደ እትዬ ዘይነባ ለቀቅሁ። ውሃው ጭራው ላይ ሲደርስ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ነከሩና፣ «አልሐምዱሊላህ፣ በፀሐይ ደረሰልኝ» አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ውሃ የሚደርሳቸው ሲመሽ፣ ሰው ሁሉ ከጠገበ በኋላ ነበር። ያን ቀን ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ለብቻዬ ፈገግ እያልኩ ነው የገባሁት።

ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ እትዬ ዘይነባ አጠጡ። ጥር አራት እኔ አጠጣሁ። የዚያን ቀን አስካለ ምሳ ይዛልኝ መጥታ ነበር፤ ማሳው ዳር ቆማ ተመለከተች።

«ይሄ የምትዘለው ቦይ እኮ ተሰነጣጥቋል» አለችኝ።

«ሙሉ ነው» አልኳት። «የእሱ ተራ በአሥራ ዘጠኝ ነው።»

«የምታጠጣው ደግሞ ሥሩ ገና እርጥብ ይመስላል።»

«ጎዶሎ ነው። ተራው ዛሬ ነው።» ደብተሬን አሳየኋት።

«እኔ መሬቱን እያሳየሁህ አንተ ደብተር ታሳየኛለህ?»

«ቁጥር አይዋሽም፣ አስካለ!»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እኔ በአንድ ራስ ሞኝም ወረቀትም ነበርኩ።

ጥር አሥራ ዘጠኝም አለፈ። በማግስቱ ማሳው ዳር ደርሼ ከባጃጅ ወረድኩ። ስንዴዬ የሜዳ አህያ መስሏል። አንድ መስመር አረንጓዴ፣ ወገብ የሚደርስ፤ ቀጥሎ አንድ መስመር ቢጫ፣ ጉልበት የማይደርስ፤ ደግሞ አረንጓዴ፣ ደግሞ ቢጫ። በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። የባጃጁ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና አጠገቤ ቆመ። «ቲቸር፣ እንዲህ አድርገው የዘሩት ሆን ብለው ነው?» አለኝ። ሆን ብዬ ነው ለማለት ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ሹፌር ባየ በሁለተኛው ቀን ያላየ ሰው አልነበረም። ወደ ጀውሃ የሚሄድ ባጃጅ ሁሉ እዚያ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አንዳንዱ ተሳፋሪውን አስወርዶ ያስጎበኛል። አንዱ አዲስ ዘር ነው ይላል። አንዱ ማዳበሪያው አልቆበት እየዘለለ በትኖ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ «ዋግ ነው!» ብሎ አረፈው። ዋግ ስንዴን የሚያቃጥል በሽታ ነው፤ ከማሳ ወደ ማሳ ይዛመታል። ይህ ቃል ከወጣ በኋላ ጎረቤቶቼ ሰላምታዬን ከሩቅ ይቀበሉ ጀመር። አንዱማ ከማሳዬ ዳር ሲመለስ ጫማውን በድንጋይ ሲፍቅ አይቼዋለሁ።

ብርቱካን ተጠርታ መጣች። ቅጠሉን ገልብጣ አየች፣ በጣቷ አሸች፣ ቢጫው ስንዴ መካከል ገብታ አፈር ጨበጠች። ከእጇ ላይ እንደ ዱቄት ፈሰሰ። «ዋግ አይደለም፣ ቲቸር» አለችኝ። «ተጠምቶ ነው። እነዚህ ቦዮች ከታኅሣሥ ጀምሮ ውሃ አላዩም።»

«እንዴት አላዩም? በአሥራ ዘጠኝ፣ በአሥራ ዘጠኝ…» አልኩና አቆምኩ።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር ልንገራችሁ፤ ከቁጥሩ ስህተት ይልቅ ይኼኛው ነው እስከ ዛሬ ፊቴን የሚያቀላው። በአሥራ ዘጠኝ የሚያጠጡት እትዬ ዘይነባ ናቸው። እኔ ያጠጣሁት አረንጓዴ ነው፤ እሳቸው ሊያጠጡት የሚገባው ቢጫ ነው። እንግዲህ የእኔን ትተው ውሃውን በሙሉ ወደ ራሳቸው አዙረውታል ማለት ነው። እንዲህ ብዬ አሰብኩ። የእሳቸው ማሳ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ አምሯል። ልቤ ውስጥ አንድ መጥፎ ነገር ገባ።

ጋሽ ደምሰው ቅዳሜ ጧት ሾላው ሥር እንገናኝ ብለው ልከዋል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘይነባ ቤት ሄድኩ። ያሰብኩትን በቀጥታ አልተናገርኩም፤ ጠምዝዤ ጠምዝዤ፣ «እንዲያው በአሥራ ዘጠኝ፣ ምናልባት ደክሞዎት…» አልኩ። ሴትየዋ ወዲያው ገባቸው። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

«የአንቱን ሳላጠጣ የራሴን አጠጣች ነው የሚሉኝ?»

«አይ፣ እኔ እንኳ…»

«ወላሂ፣ ቲቸር፣ አንዲት ቦይ አልዘለልኩም። ሃያውንም ሙሉ አጠጥቼ ነው ውሃውን የወሰድኩት። ደግሞ ልንገርዎ፤ ያ የምዘለው ቦይ ተሰነጣጥቆ ሳየው አንጀቴ ተንሰፍስፎ ነበር። ትንሽ ላቅምሰው ብዬ ዶማዬን አንስቼ ሁሉ ነበር። ግን ቲቸር የተማረ ሰው ነው፤ የሚያውቀው ነገር አለ ብዬ ተውኩት።»

አስካለም ያን ዕለት ይኼንኑ ነበር ያለችኝ።

«ይነሱ» አሉኝ። «ይነሱና አብረን እንቁጠር።»

ማሳው ላይ ደረስን። «ይጀምሩ» አሉኝ። እኔ ወደ ሸዋ ሮቢት በኩል ወዳለው ጫፍ ሄድኩ። ዞር ብዬ ሳይ እሳቸው የሉም። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ሌላኛው ጫፍ፣ ወደ ጀውሃ በኩል እየሄዱ ነው። እኔም ልቤ ቂም ስለያዘ «ምን ያደርጋሉ?» ብዬ አልጠየቅሁም። «አንድ!» ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ከዚያ ማዶ «አንድ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ሁለት!» አልኩ። «ሁለት!» አሉ። ሁለታችንም እየተራመድን፣ እየጮህን፣ በስንዴው መካከል እየተቀራረብን መጣን። መንገድ ላይ ባጃጅ ቆመ፤ እሱ መቼም አይቀርም።

«አሥራ ዘጠኝ» አልኩ። «አሥራ ዘጠኝ» አሉ። «ሃያ» አልኩ፤ «ሃያ» አሉ፤ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ቦዮች፤ ሁለቱም ሃያ። የእኔ ደረቅ፣ የእሳቸው እርጥብ።

«ቆይ፣ ከየት ነው የጀመሩት?» አልኩ።

«ከላይ ነዋ!»

«እኔም ከላይ ነው!»

ተያየን። እንግዲህ ያስያዝኳችሁን ቃል አምጡልኝ። እኔ የከተማ ሰው ነኝ። ለሮቢት ከተማ ሰው ላይ ማለት ወደ ደብረ ሲና፣ ወደ አዲስ አበባ መውጫው ነው፤ ታች ማለት ወደ ጀውሃ መውረጃው። ለእትዬ ዘይነባ ግን፣ ለመስኖ ሰው ሁሉ፣ ላይ ማለት ውሃው የሚመጣበት ነው። የእኛ ካናል ደግሞ የሚመጣው ከጀውሃ በኩል ነው። የእኔ አንደኛ ቦይ የእሳቸው አርባኛ ነው፤ የእኔ ሁለተኛ የእሳቸው ሠላሳ ዘጠነኛ። ቦዮቹ አርባ በመሆናቸው የእኔ ጎዶሎ ሁሉ የእሳቸው ሙሉ ሆኗል። እሳቸው ያቆሙበት ሃያኛ ቦይ በእኔ ቆጠራ ሃያ አንደኛ ነው፤ ጎዶሎ። ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ እኔም እሳቸውም እነዚያኑ ሃያ ቦዮች በታማኝነት ስናጠጣ፣ ሌሎቹ ሃያ በታማኝነት ሲጠሙ ከርመዋል። ይህን ፈተና ላይ ባወጣው ኖሮ ግማሹ ክፍል ይመልሰው ነበር።

እትዬ ዘይነባ መጀመሪያ ገባቸው። ቦዩ ዳር ቁጭ ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ሌላ ነገር አስቤብዎት ነበር።»

«አውቄያለሁ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ከሳቁ በኋላ ይቅር እልዎታለሁ።»

ሳቅሁ። ቅዳሜ ጧት ግን ሳቄ ጠፋ። ወደ ሾላው ስንሄድ ባጃጅ ውስጥ ነገሩን ሳስበው፣ ዝም ብል የሚያጋልጠኝ ሰው የለም። ዘዴው ለቆላ አልሆነም ይባላል፤ ብርቱካን ትወቀሳለች፤ ውሃው ወደ ድሮው ይመለሳል፤ እኔ ቲቸር እንደሆንኩ እቀራለሁ። እትዬ ዘይነባም አያወሩብኝም። ብቻ ዘለላ ሊይዝ የደረሰው ስንዴያቸው እዚያው ይደርቃል፤ እሳቸውም ጓዛቸውን ጠቅልለው ልጃቸው ቤት ይገባሉ።

«ብናገር ዕድሜ ልኬን ይስቁብኛል» አልኳት አስካለን።

«ይስቁብሃል» አለች። «ባትናገር ግን እኔ ሁለተኛ አልስቅልህም።»

ሾላው ሥር ስንደርስ ያ ላይኛው ሰውዬ ቀድሞ ቆሟል። «እኔ ብዬ ነበር፤ ግማሽ ውሃ፣ ግማሽ ስንዴ» ይላል። ራሱን የሚነቀንቀው ብዙ ነው። ብርቱካን ዳር ላይ አንገቷን ደፍታ ቆማለች፤ ተማሪዬ ሳለች እንኳ እንዲህ አንገቷን ስትደፋ አይቼ አላውቅም። ተነሣሁ።

«ጥፋቱ የዘዴው አይደለም» አልኩ። «እነዚያ ቢጫዎቹ ግማሽ ውሃ አይደለም ያገኙት፤ ምንም አላገኙም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከየት እንደሚቆጠር ሳልናገር ቁጠሩ አልኩ።» ከዚያ ሁሉንም ዘረዘርኩት። ላዩን፣ ታቹን፣ ሁለቱን ሃያ፣ አስካለ ያሳየችኝን ስንጥቅ፣ ያልለቀቅሁትን ደብተር።

«እኔም ላዩ የት ነው ብዬ አልጠየቅኩም» አሉ እትዬ ዘይነባ ከኋላ።

ሁሉም ጋሽ ደምሰውን ያያል። ጋሽ ደምሰው ዱላቸውን አገጫቸው ሥር ደግፈው ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ቲቸር» አሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ምን ነበር የሚያስተምሩት?»

«ሒሳብ።»

«ከየት በኩል?»

ይህን ብለው ራሳቸው ሳቁ። መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የተንቀጠቀጠው፤ ያመማቸው መስሎን ልንደግፋቸው ሁሉ ነበር። ከዚያ ሾላው ሥር ያለው ሕዝብ ፈነዳ። ያ ላይኛው ሰውዬም ሳያስበው ሳቀ፤ የሳቀ ሰው ደግሞ መከራከር አይችልም። ዋግ ነው የተባለው ወግ ሆኖ ቀረ።

ሳቁ ሲበርድ ጋሽ ደምሰው ፈረዱ። «የተጠማው በአራት ይጠጣል። ለዘይነባ የተለቀቀው ውሃ እስከ አጨዳ አይነካም። ያጠጣችው በእምነት ነው፤ በሌላው ስህተት አትቀጣም። ከዛሬ ጀምሮ በየማሳው አንደኛው ቦይ ላይ ድንጋይ ይቆማል። ላይ ማለት ውሃው የሚመጣበት ነው። አዲስ አበባ አይደለም።» የመጨረሻዋን ሲናገሩ እኔን አዩ።

የካቲት አራት፣ እኔና እትዬ ዘይነባ አብረን ሃያውን የተጠሙ ቦዮች ከፈትን። ውሃው ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ሰው ሩቅ ተጉዞ ገብቶ አንድ ጣሳ ውሃ ሳይተነፍስ ሲጠጣ የሚያሰማውን ዓይነት። በየቦዩ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። አስካለ ሰምታኛለች፤ ለማንም እንዳትናገር ለምኛታለሁ፤ ለሁሉም ተናግራለች።

ቢጫው ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ዘለላው አጭር ሆነ፤ ማሳው እስከ መጨረሻው እንደተሰመረ ቀረ። አረንጓዴው ግን ጎንበስ እስኪል አፈራ። የእትዬ ዘይነባ ስንዴ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ወርቅ ነበር፤ መጋቢት ላይ ሲታጨድ ያቺ ሩቅ አገር ያለችው ልጃቸው ራሷ መጥታ አግዛቸዋለች። ዘንድሮ እንግዳዋ እሷ ሆነች።

እኔ ስም ወጣልኝ። ጎዶሎ። ባጃጅ ላይ ስሳፈር ሹፌሩ፣ «ጎዶሎ፣ የሚወርዱት ከላይ ነው ከታች?» ይለኛል። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ልጅ እንኳ ስትመዝን «ሙሉ ነው፣ ጎዶሎ አይደለም» ብላ ትስቃለች። የቀድሞ ተማሪዎቼ ግን በፊቴ ቲቸር ይሉኛል። ከጀርባዬ የሚሉትን አልጠይቅም።

የአጨዳው ሰሞን እትዬ ዘይነባ አውድማ ላይ ሄጄ፣ ይህን ስም እያነሣሁ ተማረርኩ። እሳቸው የጆንያ አፍ እየሰፉ ያዳምጡኛል።

«ቲቸር» አሉኝ፣ «ያኔ በሽንኩርት ሲያስረዱኝ ሳልጠይቅዎ የቀረሁት አንድ ነገር አለ። እኔ ጎዶሎ ነኝ ብያለሁ፤ አንቱንም አሁን ጎዶሎ አሉዎት። ጎዶሎ ከጎዶሎ ጋር ሲደመር ምን ይሆናል?»

ይህን ሠላሳ አንድ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ሦስትና አምስት ስምንት፤ ሰባትና ዘጠኝ አሥራ ስድስት።

«ሙሉ» አልኩ።

«ታዲያ ምን ያማርርዎታል?» አሉና ስፌቱን በጥርሳቸው በጠሱት። ጆንያውን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «በሉ ያንሡልኝ፤ አንቱ ከላይ ይያዙ፣ እኔ ከታች።»

ጎንበስ አልኩ፤ ከዚያ ቀና ብዬ፣ «ላዩ የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።